ጣና ላይ ጀልባ ላላችሁ፦ ትራንስዱሰራችሁን አውጥታችሁ ከመጣል በፊት ለዚህ ባለሙያ አሳዩት

ባሕር ዳር ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገነ የጀልባ ፊሽ ፋይንደርም (በድምፅ የውኃውን ጥልቀትና ዓሣ በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) ለሚጠግንልን ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ! ስሜን አደባባይ አታውጡት ስላለን አድራሻውን ለፈለገ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። የሥራውን ዓይነት ግን እዚሁ መጻፍ ይሻላል፤ "ሞቷል" ተብሎ እሱ ጋ ከሚመጣው ትራንስዱሰር (ድምፁን ውኃ ውስጥ የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) ብዙው የሞተው ገመዱ ነው፣ ውስጡ ያለው ድምፅ የሚፈጥረው ሴራሚክ ደህና ነው።

ሥራ የሚጀምረው በመለካት ነው። ሶኬቱ ላይ ሁለቱን የሲግናል ሽቦዎች በመልቲሜትር ኦም ይለካል። መስመሩ ክፍት መሆን፣ ማለትም በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ግንኙነት አለመኖር አለበት፤ በኪሎኦም የሚቆጠር ነገር ካሳየ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ውስጣቸው ትራንስፎርመር ያላቸው ሞዴሎች ግን ጤነኛ ሆነውም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያሉ፤ ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ደህናውን ዕቃ ያስጥላችኋል። ቀጥሎ ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙን፣ በፒኮፋራድ) ይለካል። ገመዱ መሐል ላይ ተበጥሶ ከሆነ መልቲሜትሩ የሚያነበው ከሶኬቱ እስከ መበጠሻው ያለውን ገመድ ብቻ ነው። እንግዲህ ገመዱ በሜትር 100 ፒኮፋራድ የሚይዝ ከሆነና ንባቡ 250 ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከሶኬቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ነው። ገመዱን ሁሉ ሳይልጥ እዚያው ይከፍተዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ሞተሩ ሲነሣና ሲወርድ የሚታጠፍበት ቦታ ወይም እምቦጭ ተጠምጥሞ የጎተተው ጋ ነው።

የተበጠሰውን ገመድ የሚቀጥልበት መንገድ ነው ከሌላው የሚለየው። መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ንጹሕ መዳብ እስኪያገኝ ድረስ እየቆረጠ ይሄዳል፤ ሽቦዎቹን ከረብሻ ለመከላከል ዙሪያቸውን በሚሸፍነው የብረት መረብ ውስጥ ውኃ ርቆ ይሳባልና። ሽቦዎቹን እኩል አይቆርጣቸውም፤ መጋጠሚያዎቹ እንዳይነካኩ በ2 ሳንቲሜትር ያህል ያበላልጣቸዋል። እያንዳንዱን በሊድ በይዶ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያለብሰዋል፤ መረቡን ዙሪያውን መልሶ ይበይደዋል፤ በመጨረሻም ውስጡ ሙጫ ያለው ወፍራም ቱቦ ከላይ ይደርብበታል። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል እዚህ አይሠራም። ድምፁ ሲላክ ገመዱ ላይ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ ተመልሶ የሚመጣው ሲግናል ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ መረቡ ክፍተት ካለው የሞተሩ ረብሻ ገብቶ ስክሪኑን በነጠብጣብ ይሞላዋል።

ማሰሪያው የተሰበረ ትራንስዱሰርም አይጣልም። ጀልባችሁ ፋይበር ከሆነ ከውስጥ በኩል ወለሉ ላይ ያጣብቀዋል፤ ለብረትና ለእንጨት ጀልባ ግን ይህ አይሆንም። በፋይበሩ ንጣፎች መካከል ፎም ወይም እንጨት ካለም ድምፁ አያልፍም። ስለዚህ አስቀድሞ ውኃ በሞላ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ ወለሉ ላይ በማስቀመጥ ይሞክረዋል። ካነበበ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀስ ብሎ በሚደርቅ ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ እያሽከረከረ ይጫነዋል፤ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ንባቡ ይበላሻል። ሲሊኮን አይጠቀምም፣ ልክ ነው። በዚህ አገጣጠም የሙቀት መጠን ንባቡ የወለሉ እንጂ የሐይቁ አይሆንም።

አሮጌውን ከሌላ ስክሪን ጋር ለማገናኘት ፍሪኩዌንሲውና ዋቱ መግጠም አለባቸው፤ ካልገጠሙ እንቢ ይላል፣ አትጨቅጭቁት። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ 200 ኪሎኸርዝ ይበቃችኋል፤ 50 ኪሎኸርዝ ካልሆነ ብላችሁ ገንዘብ አታባክኑ።

ቀጠሮ አክባሪ ነው ብለን አንዋሽም፤ ወረፋም አለው። ስትሄዱ ስክሪኑንና የባትሪ ገመዱን አብራችሁ ውሰዱ፣ ሶኬቱን ቆርጣችሁ አትውሰዱበት። ትራንስዱሰሩን ከማሳየታችሁ በፊት ፊቱን በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እጠቡት፤ ቲነርና ቤንዚን ፕላስቲኩን ይበሉታል።