የቮልሴ ጣሪያ ከተቆረጠ 15 ወር፦ 6 ሳንቲ ሜትር በዛ ወይስ አነሰ?

የ1963 ሞዴል ቮልሴን ጣሪያ 6 ሳንቲ ሜትር ካስቆረጥኩ፣ ማለትም ምሰሶዎቹን አሳጥሬ ጣሪያውን ዝቅ ካስደረግኩ፣ 15 ወር ሆነኝ። አንድ ሙሉ የጅማ ክረምት አሳልፋለች፣ ወደ 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ስንት ቆረጥካት?" መልሱን ሲሰማ ደግሞ "ምነው 10 ብታደርጋት!" ይለኛል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት 10 ነበር።

10ን ያመጣሁት ከፎቶ ነው። ጣሪያ መቁረጥ የካሊፎርኒያ ልጆች የጀመሩት ነገር ነው፤ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደረቁ የሐይቅ ወለሎች ላይ ሲሽቀዳደሙ ነፋስ እንዳይዛቸው ጣሪያውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ከፍጥነት ወደ ውበት ዞረ። የመኪና ቅርጽ ቀያሪዎቹ የባሪስ ወንድማማቾች በ1952 (እ.ኤ.አ.) ለደንበኛቸው ለቦብ ሂሮሃታ የሠሯት ዝነኛዋ የ1951 ሜርኩሪ ከፊት 4 ኢንች፣ ከኋላ 7 ኢንች ተቆርጣለች። 4 ኢንች 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ያንን ቁጥር ይዤ ጋራዥ ሄድኩ። ሜርኩሪ ግን ግዙፍ መኪና ናት። ቮልስ ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 1 ሜትር ከ50 ብቻ ናት፤ መስታወቷም ከድሮም ትንሽ ነው።

ባትላሜራው፣ የመኪናውን ላሜራ የሚቆርጡትና የሚበይዱት ባለሙያ፣ አዛውንት ናቸው። ጣሪያውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው "አንተ ልጅ፣ ማን ሊነዳት ነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኛ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ውጭ ቆመህ ምን ትለካለህ? ግባና ተቀመጥ። የተቆረጠ ላሜራ መልሶ አያድግም።"

የሰጡኝ ምክር ነፃና ቀላል ነበር። የፊት መስታወቱንና የበሮቹን መስታወት ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር በቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ሸፍኜ አንድ ሳምንት እንድነዳ አዘዙኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ ከአጂፕ ስመጣ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አንስቶ አቁሟል፤ እኔ ያየሁት ቀበቶውን ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስወጣ ደግሞ ዳገቱ ላይ ከፊቴ ያለው መንገድ ፕላስተሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። አንገቴን ሰብሬ ነው የወጣሁት። ፕላስተሩን ወደ 7 ተኩል አሳጠርኩት፤ ተሻለ፣ ግን ዳገቱ አሁንም ያስጎነብሰኛል። 6 ላይ ሳደርሰው መጎንበሱን ረሳሁት። ሌላ ስሌት ሳላይ በፊት ልኩን የወሰነልኝ ይኼ የ6 ሳንቲ ሜትር ፕላስተር ነው።

ስሌቱ በኋላ መጣ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ነው። በፊት በራሴና በጣሪያው ጨርቅ መካከል 9 ሳንቲ ሜትር ነበር። 10 ቢቆረጥ ጣሪያው ራሴ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። 6 ሲቆረጥ 3 ይቀራል፤ 3 ደግሞ ቆማ ላለች መኪና እንጂ ለምትሄድ አይበቃም። ጠጠር መንገድ ላይ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። ስለዚህ የመቀመጫውን ሞላ አውጥተን በጠንካራ ስፖንጅ ተካነውና 4 ሳንቲ ሜትር ወረደ። አሁን 7 አለኝ፣ ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። መቀመጫው ሲወርድ ዓይንም አብሮ ይወርዳል። ከላይ በኩል የጠፋብኝ እይታ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ከታች በኩል ግን ኮፈኑ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ያህል ሆነብኝ። በገበያ ቀን ሂርማታ አካባቢ ስነዳ የሚያሳስበኝ ጣሪያው ሳይሆን አፍንጫዬ ስር የሚሻገረው ልጅና ፍየል ነው። መሪውም ደረቴ ላይ የወጣ ይመስላል። ፕላስተሩን ስለጥፍ መቀመጫውንም አብሬ ዝቅ አድርጌ መሞከር ነበረብኝ፤ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እንደገና ብጀምር መቀመጫውን 2 ብቻ አወርድና ጣሪያውን 5 እቆርጣለሁ።

ሥራውን ጥቅምት መጨረሻ ጀምረን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጨረስን። በጋውን የመረጥነው እርቃኑን የቀረ ላሜራ በጅማ ዝናብ በአንድ ሌሊት ስለሚዝግ ነው። መቁረጡ ሁለት ቀን ፈጀ፤ መግጠሙ ሰባት ሳምንት። ምክንያቱም የፊት ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ የተጋደሙ ናቸው፤ ቆርጠህ ስታወርደው የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ጋር አይገናኝም። በእኔ መኪና ለ6 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት መጣ። መውጫው ወይ ምሰሶውን የበለጠ ማጋደም ነው፣ ወይ ጣሪያውን መሐል ለመሐል ቆርጦ ቁራጭ ላሜራ ማስገባት። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። በጨመርክ ቁጥር ክፍተቱም ይጨምራል፤ 10 ቢሆን ኖሮ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ ነበር። ፎቶ ላይ ይኼ ሁሉ አይታይም።

ብየዳው ሲጀመር ጣሪያው እንደ ተጠበሰ ቆዳ ተጨማደደ። ጋሼ አልደነገጡም። አንድ ነጥብ ከግራ፣ አንድ ነጥብ ከቀኝ እያሉ ሙቀቱን አከፋፈሉት፤ ያበጠውን ቦታ ደግሞ በእሳት አቅልተው እርጥብ ጨርቅ ጫኑበት። ጭስ አለ፣ ጣሪያው "ጧ" ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ግማሽ ቀን ቆሜ ያየሁት ይኼንን ነው። በምሰሶዎቹ ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ላሜራ እንዲገባ ለምኜ አስገብቻለሁ። መኪናዋ ብትገለበጥ የሚሸከመኝ ምሰሶው ነው፤ አፍ ለአፍ ተበይዶ ስቱኮ (የላሜራ ጎድጓዳ መሙያ) የተቀባ ምሰሶ አይሸከምም።

መስታወት ላይ የ1963ቱ ሞዴል ጠቀመኝ። የዚያ ዘመን ቮልስ የፊት መስታወት ዝርግ ነው፤ ከ1965 ሞዴል ወዲህ ጎበጥ ይላል። ዝርግ ከሆነና መሐሉ ፕላስቲክ ያለው፣ ሁለት ድርብ መስታወት ከሆነ በልክ ይቆረጣል። በሙቀት የጠነከረው ዓይነት ግን አልማዝ ሲነካው እንደ በቆሎ ቆሎ ይበተናል። የበሮቹ የድሮ መስታወት እንዲያ ስለነበር በድርቡ አስቀየርኳቸው። የኋላው የተጎበጠ ስለሆነ ጨርሶ አልነካነውም፤ ክፈፉን እንዳለ ይዘን ወደ ፊት አጋደምነው። ከኋላ ስትታይ ውበቷ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። የዝናብ መጥረጊያው ከመስታወቱ እየወጣ ላስቲኩን ስለፋቀ አጠር ባለ ተቀየረ።

ክረምቱ ምሕረት የለውም። ሐምሌ ላይ ከግራ በኩል፣ የበሩ የውኃ መውረጃ ቦይ ከተቀጠለበት ቦታ፣ አንዲት ጠብታ በየደቂቃው ግራ ጉልበቴ ላይ መውደቅ ጀመረች። ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ታገኘኛለች። ሲሊኮን ሞላንበት፣ ለሁለት ሳምንት ተወች፣ ተመለሰች። በመጨረሻ ቦዩን ከፍተን አንድ ወጥ አድርገን ስንበይደው ቆመች። ወለሉ ላይ ያለው የሻጋታ ሽታ ግን እስከ ጥቅምት አልለቀቀም።

እናቴ ከኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጣለች። ሻሿ ጣሪያው ላይ እየታከከ አጋሮ ደርሳ ስትወርድ "ልጄ፣ ይቺ መኪና ሰው አትወድም" አለች። ስንመለስ ከፊት ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ የእሷ ቦታ ፊት ነው። ለቤተሰብ የምትፈልጋት ከሆነ ልኩን የኋላ ተሳፋሪ ይወስን እንጂ አንተ አትወስን። የሰፈር ልጆች ደግሞ "ኤሊዋ አንገቷን አስገባች!" እያሉ ይከተሉኛል፤ ያ ይጣፍጠኛል።

ለቦሎ ምርመራ ስሄድ ፍርሃቴ ትልቅ ነበር። ከመቁረጤ በፊት ሊብሬዬን ይዤ የቅርጽ ለውጡን አስታውቄ ስለነበር ግን ነገሩ ቀለለ። መርማሪው መብራትና ፍሬን አየ፣ ምሰሶዎቹን አንኳኳ፣ ገብቶ ተቀመጠና ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረ። ቆርጠህ ከጨረስክ በኋላ ለማስረዳት ከመሞከር ቀድሞ መጠየቁ ይሻላል።

ፍጥነትና ነዳጅ ላይ ልዩነት አላየሁም፤ በ34 ፈረስ ጉልበት ሞተር ምን ልይ። ድምፁ ግን በረታ፣ ጣሪያው ለጆሮ ቀርቧል።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ችግር ናት። ከቀኝ የኋላ ምሰሶ ግርጌ የጥፍር ያህል ቀለም አብጧል። ስጫነው ከሥር ይንኮሻኮሻል፤ ስቱኮው ውኃ ጠጥቶ ላሜራው ዝጓል። የዚያ ጎን ስቱኮ ወፍራም መሆኑን ሲቀባ አይቼ ነበር፤ ስለደከመን ሁላችንም ዝም አልን። አሁን እስከ ላሜራው ይፋቃል፣ ዝገቱ ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲስ ቁራጭ ይበየዳል፣ ስቱኮው በስሱ ይቀባል። ጋሼ ሰኞ አምጣት ብለውኛል፤ ዝናቡ ሳይጠነክር።