የኔታ፣ እግዜር ይስጥልን! (ስማርት ቤት መሥራት መማር ለምትፈልጉ የደብረ ማርቆስ ልጆች)

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላላችሁ፣ በተለይ እንደኔ መብራት በመዘርጋት እንጀራ ለምትበሉ ነው። "ስማርት ቤት (መብራቱና ዕቃው በስልክ የሚታዘዝ ወይም ራሱ የሚሠራ) ትሠራለህ ወይ?" የሚል ደንበኛ በዝቷል። እኔም "እሱ የአዲስ አበባ ሥራ ነው" እያልኩ ስሸሽ ኖሬያለሁ።

አንዴ ሌላ ከተማ ሄጄ ልሠለጥን ሞክሬ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በፕሮጀክተር ሥዕል አየን። ሰርተፍኬት ተሰጠን። ካቻቢቴ ግን በእጄ አልነካሁም።

የአሁኑን መምህራችንን "የኔታ" ነው የምንለው። በቀልድ ጀመርነው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ እንደሚነግር፣ እኛም የገጠምነውን ይዘን ፊቱ እንቀርባለን። አየት ያደርግና ገጣጥመን ያመጣነውን መልሶ ይፈታታዋል። "እንደገና!"

ከሥራ ቦታው ጥግ አጭር የጭቃ ግድግዳ አቁሟል፤ ጭድ የገባበት፣ በደንብ የተመረገ። "ብሎኬት ላይ ብቻ ተምራችሁ የማንን ቤት ልትሠሩ ነው?" ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ማውጣት ክልክል ነው። ማብሪያ ማጥፊያ እየፈታን ሽቦ መለየት ብቻ። በብዙ የድሮ ቤት ወደ ማብሪያው የሚወርደው ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ነው፤ ኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበት ሽቦ) የለም። ብዙው ስማርት ማብሪያ ደግሞ ያለ ኒውትራል አይሠራም። ይህን ሳያይ የገዛ ሰው ዕቃውን ታቅፎ ይቀመጣል። እኔ ቤት ሁለት አሉ።

አንድ ቀን ምጣድ በስልክ ላበራ ብዬ 10 አምፒር የሚችል ሪሌይ (በትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ) ላይ ቀጠልኩት። ዝም ብሎ አየኝና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

"ምጣዱ ስንት ዋት ነው?"

"3,500።"

"ለ220 አካፍለው።"

16 አምፒር ገደማ መጣ። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ራሴው ፈታሁት። በኋላ ሪሌዩ ኮንታክተሩን (ከባድ ጭነት የሚችለውን ትልቅ ማብሪያ) ብቻ እንዲያዝ፣ ጭነቱን ኮንታክተሩ እንዲሸከም አድርጎ አሳየኝ። "ሰው አጠገቡ የሌለ ምጣድ ግን እንዳታበራ" አለኝ።

ሥራ መሀል ሳይነግረን ብሬከሩን ያወርደዋል። መልሶ ሲያነሳው የማን መብራት ያለ ትእዛዝ ቦግ እንዳለ ያያል። ራውተሩንም ይነቅላል። "ኔት በጠፋ ቁጥር እናትህ ጨለማ ይቀመጡ?" ስለዚህ ማንኛውም መብራት በግድግዳው ማብሪያ በእጅ ካልሠራ አያሳልፍም።

እንከንማ አለው። ጠዋት ሰዓት አያከብርም፤ ቤቱም ብርድ ነው።

ባለፈው ወር የመጀመሪያ ሥራዬን አክስቴ ቤት ሠራሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ፓምፕ ለማስነሳት ሌሊት ይነሱ ነበር። አሁን የታችኛው ሮቶ ውሃ ሲይዝ ፓምፑ ራሱ ይነሳል፣ የላይኛው ሲሞላ ይቆማል። በመጀመሪያው ሌሊት አክስቴ "ማነው እሱ ያስነሳው?" ብለው በር ቆልፈው ተቀምጠው አደሩ። አሁን ለጎረቤት እያሳዩልኝ ነው።

የኔታ፣ ክፍያውን በሁለት ጊዜ ስለተቀበልከኝም አመሰግናለሁ። ስልኩን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ስትሄዱ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እሱ ጋ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱን ያቃጠልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።