ቪትዝ ወይስ ጣሪያው የሚከፈት ቮልስ?

መኪና ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ሁሉ ሰሞኑን የሚያመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቪትዝ ሚሊዮን አልፏል፤ በግማሹ ጣሪያው የሚከፈት ቮልስ ብገዛስ?» መልሴ ቪትዝ ግዙ ነው።

ቪትዝ የተወደደው በራሱ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ የከፈላችሁት ገንዘብ የትም አይሄድም፤ ልትሸጡት ስታስቡ ገዢ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል። ቮልስ ግን የሚወደው ሰው እስኪገኝ ቆሞ ይጠብቃል።

ነዳጁን አስሉት። ከተማ ውስጥ ቮልስ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው፤ ባለ 1 ሊትሩ ቪትዝ ከ15 አያንስም። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 33 ሊትር ነው። ሊትሩ 100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ በወር ከ3,300 ብር፣ በዓመት ከ39,000 ብር በላይ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታም አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የቮልስ ካርቦራተር ነዳጅ ያበዛል፤ የቮልሱን ካንዴላ ፈታችሁ ብታዩት ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። ቪትዝ አየሩን እየለካ ነዳጁን ራሱ ይመጥናል። ሲወጣ 34 የፈረስ ጉልበት የነበረው 1200 ቮልስ እዚህ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ አራት ሰው ጭናችሁ እንጦጦን ሞክሩት።

ትልቁ ጣጣ ግን ጣሪያው ነው። ኦርጅናሉን ካብሪዮሌት (ጣሪያው የሚከፈተውን ቮልስ) እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ጀርመን ኦስናብሩክ ውስጥ የሠራው ካርማን የተባለ ፋብሪካ ነው፤ ጣሪያው ሲነሳ አካሉ እንዳይጎብጥ ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ማጠናከሪያ ብረት አስገብቶበታል። ገበያ ላይ የሚቀርብላችሁ ግን ብዙ ጊዜ ተራ ቮልስ በግራይንደር ተቆርጦ ነው። የአክስቴ ልጅ የገዛው እንዲህ ያለውን ነበር። ጎማ ለመቀየር አንዱን ጎን በክሪክ ስናነሳው በሩ አልከፈት አለ፤ ስናወርደው ደግሞ ከቁልፉ ጋር አልገጥም አለ። ለብየዳ፣ ለላሜራና ለጣሪያ ሸራ ያወጣው ተደምሮ መኪናውን ከገዛበት በለጠ። ዝናብ ሲመጣ አሁንም ያስገባል።

ቪትዝም ያለ ችግር አይደለም። ዕቃው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ ፎርጂዱም እንደዚያው። የፍሬን ሸራ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ፤ ፎርጂዱ ከተገጠመ በኋላ ይጮኻል፣ ዲስክም ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጣው አውቶማቲክ ቪትዝ ካምቢዮው ብዙውን ጊዜ ሲቪቲ (በጥርስ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ) ነው፤ የራሱ ዘይት አለው። «ማንኛውም የካምቢዮ ዘይት ይሆነዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ልባችሁ ቮልስ ላይ ከሆነ የኋላውን ወንበር አስነሡ። ባትሪው እዚያ ስለሚቀመጥ ከሥሩ ያለውን ወለል በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው መሃል ላይ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ወዲህ የካብሪዮሌት ቁጥር የሚጀምረው በ15 ነው። በ11 ወይም በ13 ከጀመረ ፋብሪካው ባለጣሪያ አድርጎ የሠራው ነው፤ ሻጩ ምንም ቢል ቀብድ አትስጡ።