ሪራን አልፋችሁ አትሂዱ

ባሌ የሄደ ዘመድ ሁሉ የሚልከው ፎቶ አንድ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ፣ ጅብራ አጠገብ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ። ከዚያ ዞሮ ጎባ ይገባል። መንገዱ ግን እዚያ አያልቅም። አምባውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና ሲወርድ ሐረና ጫካ ይቀበለዋል፤ ሪራም ያለችው እዚያ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለች፣ ከተማ ለመባል ትንሽ የሚቀራት ቦታ ናት። ዘንድሮ አገር ቤት ስገባ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሄደን እዚያው አደርን። ገንዘብ ያወጣንበትን ሁሉ ልንገራችሁ።

በመኪናው ልጀምር፣ ያናደደኝ እሱ ስለሆነ። አዲስ አበባ ካለ አንድ አከራይ ፎር ዊል ተከራየን። የአክስቴ ልጅ ስትደውል አንድ ዋጋ፣ እኔ ቀርቤ አፌን ስከፍት ሌላ ዋጋ። "በዶላር ቢሆን ይሻላል" ተባልኩ። ዲያስፖራ መሆን ግንባር ላይ ይጻፋል መሰለኝ። እሱን እንኳ ስቄ አለፍኩት። ትርፍ ጎማው ግን አያስቅም፤ መላጣ ነው። እስከ ዲንሾ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ስለሆነ ግድ የለም። ከጎባ በላይ ግን ጠጠር ነው፣ ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ ጎሚስታ የለም። ቀብድ ሳትከፍሉ ትርፍ ጎማውን አስወርዳችሁ እዩ። ሹፌሩ ግን ወርቅ ሰው ነው። ሳነቴ ላይ እየተንቀረፈፈ ሲነዳ "ምነው ወንድሜ?" ብለው፣ "ቀበሮ ይሻገራል" አለኝ። አለቀ።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። ቲኬት የቆረጥነውም፣ አስጎብኚ የያዝነውም እዚያ ነው። ክፍያው ለውጭ ዜጋና ለአገሬው ይለያያል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ። መስተንግዶው ፈጣን ነው። ደግሞ ግቢው ዙሪያ ያለው ጥድ ውስጥ የደጋ አጋዘን ስለሚግጥ ወረፋ መጠበቅ አይከፋም።

ጨርሶ ያልቆጨኝ ለአስጎብኚው የከፈልኩት ነው። ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፣ ለከብት የተላከበትን ሜዳ ነው የሚያስጎበኘው። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ትንሽ ስትራመዱ ትንፋሽ ያጥራል። እሱ ግን እያወራ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ በእጁ ቁጭ በሉ አለን። ቀይ ቀበሮ ነበር። ጆሮውን ወደ ፊት አቁሞ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ሐውልት ሆኗል። ፊቱ ያለው ጉድጓድ የግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ባሌ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ፍልፈሉ ብቅ ብሎ ሣር ጎተት ያደርግና ይመለሳል። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ቆማለች። አፈሩ ሲገለበጥ የሚወጣውን ነፍሳት ልትለቅም ነው አለን በሹክሹክታ። ቀበሮው ዘለለ፣ ሳተ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተራመደ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ከመንደር ውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እኔ ይሄን ከልጁ ነው የሰማሁት እንጂ፣ አገሬ ሆኖ አላውቅም ነበር።

ከሳነቴ ቁልቁል ሲወረድ ነገር ሁሉ በአንዴ ይለወጣል። ሜዳው ያልቅና አስታው ጢም አውጥቶ ይመጣል፤ ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያ ቀርከሃ። ሪራ እዚህ ናት።

ያደርንበት ቤት ምልክት እንኳ የለውም። አስጎብኚው ደውሎ ነው ያገናኘን። ግድግዳው ቀርከሃ ነው፣ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ተደራርቧል፣ አምፖሉ የሶላር ነው። ሻወር የለም። ማታ የፈላ ውሃ በባልዲ ይመጣል፣ ከጀሪካን እየቀላቀሉ መታጠብ ነው። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግን በሌሊት በባትሪ መውጣት አለ። ሆቴል ለለመደ አይመችም። ለእኔ ግን ከተማ ውስጥ ካደርኩበት ባለ ፎቅ ሆቴል ይበልጣል። እዚያ ሙቅ ውሃ አለ ተብሎ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚህ የለም ተብሎ ይፈላል።

ባለቤቷ አማርኛ ብዙም አይሉም፣ ልጃቸው ታስተረጉማለች። ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ብለው ገቡ፣ የገብስ ቂጣ ከማር ጋር ይዘው። ቡናው የጫካ ነው። ሐረና ታችኛው ክፍል ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ማሩም ከዚያው፣ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ነው። ሰው ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። "መኪናማ በየቀኑ ያልፋል፤ አቧራውን ለእኛ፣ ብሩን ለጎባ" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዳው የሚያርፈው፣ የሚበላው፣ የሚገዛው ግን ከፓርኩ ውጭ ነው። መንገድ ዳር "እዚህ ማደር ይቻላል" የሚል አንድ ሳንቃ ቢተከል ብዙ ይለወጥ ነበር። ያን ደግሞ ማንም ሊሠራው ይችላል።

ክፍያ በጥሬ ብር ነው። ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፣ ቴሌብር ላይ አትመኩ፤ ጎባ ወይ ሮቤ ላይ ብር አውጡ። ዘርዝራችሁም ያዙ፣ መልስ አይገኝም። ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ስለሆነ መንገዱ ይሻላል። በነዚያ ወራት ግን ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ወፍራም ካልሲ አይረሳ።

ማር ገዛሁ፣ ከባለቤቷ እጅ። ልጅቷ ክዳኑ ስር ፌስታል አድርጋ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው፤ ሻንጣ ውስጥ ጠብ ሳይል ደረሰ። የምትኖሩበት አገር ማር ያስገባ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።