ካርሄንጅ፦ ከመንገድ ወጥቶ ማየቱ ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ለእሱ ብቻ ተብሎ ግን ረጅም መንገድ አይነዳም። ካርሄንጅ ያለው በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ከአላያንስ ከተማ ወደ ሰሜን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ሃይዌይ 87 ዳር ነው። እንግሊዝ አገር ያለውን ስቶንሄንጅ የሚባለውን ጥንታዊ የድንጋይ ክብ በአሮጌ መኪኖች አስመስሎ ያሠራው ጂም ሬይንደርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ለአባቱ መታሰቢያ አቆመው።

ሥራው ከዋዛ የወጣው በልኩ ነው። የክቡ ስፋት 29 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የገቡት መኪኖች 39 ናቸው። የቆሙት አንድ ሜትር ተኩል ያህል በተቆፈረ ጉድጓድ በቁማቸው ተተክለዋል፤ አግዳሚዎቹ ከላያቸው ተጭነው ተበይደዋል። ሁሉም ግራጫ ቀለም ተረጭተዋል። ከክቡ ወጣ ብሎ ለብቻው የቆመው «ድንጋይ» እ.ኤ.አ. የ1962 ካዲላክ ነው። ከመንገዱ ሲታዩ ድንጋይ ይመስላሉ፤ ሲጠጓቸው ግን የፓራፋንጎው ቅርጽና የበሩ መስመር ከቀለሙ ስር ብቅ ይላል። እንግሊዝ ያለውን ዋናውን በአዘቦት ቀን የሚጎበኝ ሰው ከድንጋዮቹ ራቅ ብሎ ነው የሚዞረው፤ እዚህ መሀል ገብቶ ቀና ብሎ ብየዳውን ማየት ይቻላል። ለእኛ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ግራጫው ሁሉ አንድ ይሆንና ፎቶው ይሞታል። ማለዳ ወይም ወደ ማታ ሲሆን የመኪኖቹ ጥላ ሣሩ ላይ ይረዝማል፤ ክቡም በደንብ ይለያል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱ አይጣል ነው፤ በሙቀቱ ወራትም ቢሆን ጃኬት ያዙ። ልጆች መኪኖቹ ላይ እንዳይወጡ ጠብቁ፣ ያረጀ ቆርቆሮ ጠርዙ ይቆርጣል።

መግቢያው ነፃ ነው። የመታሰቢያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፣ በብርዱ ወራት ግን አይከፈትም፤ ስለዚህ ነዳጅ፣ ምግብና መጸዳጃ አላያንስ ላይ ጨርሳችሁ ውጡ። ከክቡ አጠገብ ሌሎች ከመኪና የተሠሩ ቅርጾች አሉ። ከመኪና አካል የተሠራውን ዓሣ ሳታዩ አትመለሱ፣ የቀሩትን በእግረ መንገድ ማየት ይበቃል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ኮሎራዶ ካሉት ከዴንቨርና ከአውሮራ ለሚነሱ ወገኖች መንገዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፦ በአይ-76 አውራ ጎዳና እስከ ስተርሊንግ፣ ከዚያ ወደ ሲድኒ፣ ከሲድኒ በሃይዌይ 385 ቀጥታ ወደ ሰሜን። በአይ-80 ጭነት የሚመላለሱ ሾፌሮችም የሚታጠፉት እዚያው ሲድኒ ላይ ነው፤ ከሲድኒ አላያንስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ደርሶ መልሱ የሥራ ሰዓታችሁን እንዳይበላ አስቡበት። ለቤተሰብ ጉዞ የሚሻለው ሳውዝ ዳኮታ ወዳሉት ወደ ብላክ ሂልስ ተራሮችና የፕሬዚዳንቶች ፊት ወደተቀረጸበት ማውንት ራሽሞር ሲኬድ መንገድ ላይ ማየቱ ነው፤ ያው 385 ወደዚያ ይወስዳል።