ለቤሊዙ የዋሻ ወንዝ አስጎብኚያችን ምስጋና፣ ለምትሄዱም ጥቆማ

ወገኖቼ፣ ሰው ሥራውን አክብሮ ሲሠራ ዝም ማለት ስለማይሆንልኝ ይህን ልጽፍ ተነሳሁ። ከቤተሰቤ ጋር ለዕረፍት በመካከለኛው አሜሪካ ወደምትገኘው ቤሊዝ ሄደን በኬቭስ ብራንች ወንዝ ላይ፣ በደን መካከል ባሉ ዋሻዎች ውስጥ በተነፋ ጎማ ተንሳፍፈን ነበር። ለመራን አስጎብኚ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ሳይወስደን ከቀረበት ቀን ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሮ ነበር። በማለዳ፣ ገና ቁርስ ሳንቀምስ አስጎብኚው ወደ ሆቴላችን ደወለና «ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ዛሬ አልወስዳችሁም» አለን። ከመስኮታችን የሚታየው ሰማይ ጥርት ያለ ስለነበር ምክንያቱን ጠየቅሁት። ውኃው ከላይ ከተራሮቹ እንደሚመጣ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ ብትወጣም ወንዙ ወዲያው እንደማይጎድል፣ ሲሞላ ደግሞ በዋሻው ጣሪያና በውኃው መካከል ያለው ክፍተት እንደሚጠብ በትዕግሥት አስረዳኝ። ገንዘባችንን መውሰድ ወይም ቀን መቀየር የእኛ ፈንታ ሆነ፤ ቀን ቀየርን። የዕለት ገቢው ቀርቶበት የእንግዳን ደህንነት የሚያስቀድም ሰው እንዴት አይመሰገን?

ቦታው ኖሆች ቼን የሚባል የአርኪኦሎጂ ጥብቅ ስፍራ ሲሆን በካዮ አውራጃ፣ ከዋና ከተማዋ ከቤልሞፓን ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የሕይወት አድን ጃኬት፣ የራስ ቁርና የግንባር ባትሪ ይሰጣችኋል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በአየር የተነፋ ትልቅ ጎማውን ተሸክሞ በደኑ ውስጥ በእግሩ ይጓዛል፤ ወንዙንም ይሻገራል። አስጎብኚያችን በመንገድ ላይ ግንዱ ላይ ጥቁር ፈሳሽ የተንዠረገገበት ዛፍ አሳየን። ፈሳሹ ቆዳ ከነካ ክፉኛ ያቆስላል። ጥቂት እልፍ ብሎ ደግሞ ቀይ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚረግፍ ጋምቦ ሊምቦ የሚባል ዛፍ ቆሟል፤ የአገሩ ሰዎች ለዚያው ቁስል መድኃኒት የሚያደርጉት ቅርፊቱን ነው።

ታላቅ እህቴ ደጋ ያደገች ናት፤ ዋና አትችልም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ፊቷ ተለዋወጠ። አስጎብኚው ሌሎቻችንን ቆም እንድንል አድርጎ ወደ እርሷ ሄደና የሚያስፈራት ውኃው ይሁን ጨለማው ጠየቃት። ጨለማው መሆኑን ስትነግረው የግንባር ባትሪዋን አውልቆ አዲስ የተሞላ ሰጣት፤ ትርፍ የእጅ ባትሪም ጨመረላት። የጃኬቷን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ስቦ ፈተሸ። ጥልቀት በሌለው ቦታ ጎማው ላይ አስቀምጦ እስክትለምደው ድረስ ወዲያና ወዲህ አንሳፈፋት፤ በመጨረሻም የእርሷን ጎማ ከራሱ ጋር አሰረ። «ቶሎ በሉ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ድንጋይ ወዳለበት ስንቃረብ «ወገባችሁን ወደ ላይ አንሱ!» እያለ ይጮኻል፤ ከዚያ እህቴን ዞር ብሎ ያያታል።

ስለ ዋሻው ምን ልበላችሁ። የኖራ ድንጋይ ነው፤ ወንዙ እያሟሟ የቦረቦረው። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የድንጋይ ዘንጎች ጫፋቸው ላይ የውኃ ጠብታ ይዘዋል። የእጅ ቅባት ከነካቸው ዕድገታቸው ይገታልና አስጎብኚያችን አንዳቸውንም አላስነካንም። በዚያ አገር ለኖሩት ለጥንቶቹ የማያ ሕዝቦች እንዲህ ያለ ዋሻ ሺባልባ ወደሚሉት የሙታን ዓለም መግቢያ ነበር። ቻክ ለሚባለው የዝናብ አምላካቸውም በዋሻ ውስጥ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር፤ ሸክላ ሰብረው የተዉባቸው ዋሻዎች በአገሩ ብዙ ናቸው። ይህን ሲተርክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት ነው። እኔም የባሌው ሶፍ ዑመር ትዝ አለኝ፤ የዌይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሠራው፣ ሰዎች ዛሬም ለጸሎት የሚሄዱበት። እንዲህ የሠለጠኑና ለቦታው የሚቆረቆሩ አስጎብኚዎች በዚያም በርከት ብለው ባይ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

መሃል ላይ ሁላችንንም ፈቃድ ጠይቆ ባትሪዎቹን አስጠፋ። እህቴ እሺ ያለችው ከሁላችን ቀድማ ነው።

ለምትሄዱ፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር የዝናብ ወቅት በመሆኑ ቀናችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ። የመርከብ ጎብኚዎች ወደብ በሚደርሱበት ቀን ወንዙ በሰው ስለሚጨናነቅ መርከብ የሚገባበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከእግር የማይወልቅ ጫማና ደረቅ ቅያሪ ልብስ አይለያችሁ። ዋጋ ሲነገራችሁ በየትኛው ዶላር እንደሆነ አረጋግጡ፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት የቤሊዝ ዶላር ነው። አስጎብኚያችሁ ማንም ይሁን ማን የቱሪዝም ቦርዱን ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የእኛው ሳንጠይቀው ነው ያሳየን። ቋንቋውም አያስቸግራችሁም፤ የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ በአደባባይ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እርሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ወንድሜ፣ እህቴን በሰላም አስገብተህ በሰላም ስላወጣህልን እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ቤትህ ይባረክ።