ከአባቴ መኪና ላይ የውኃ ነጠብጣብ ላነሣልኝ የአዳማ ወጣት

ጥቁር ሰማያዊዋን ቪትዝ አባቴ ጡረታ በወጣ ጊዜ ገዝቶ፣ ዓይኑ ሲደክም ለእኔ ሰጠኝ። በእርሱ እጅ ሳለች እንደ መስታወት ታበራ ነበር። እኔ ጋ በመጣች በመጀመሪያው በጋ ግን ኮፈኗና ጣራዋ ኖራ የተረጨበት መሰለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ግቢ መኪናዋን የማቆማት ከአትክልቱ ጎን ሲሆን አትክልቱ የሚጠጣው በጉድጓድ ውኃ ነው። ፍንጣሪው ኮፈኑ ላይ ያርፋል፤ የአዳማን ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ ወዲያው ያደርቀዋል። ውኃው ይተንና በውስጡ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዚየም ክብ ክብ ሠርቶ ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከሚጋገረው ነጭ ነገር አይለይም፤ በሳሙና አይለቅም። አንድ ቦታ በደረቅ ጨርቅ ፈትገው ጭረት ጨመሩበት። ሌላ ቦታ ደግሞ «ኮፈኑ እንደ አዲስ ካልተቀባ አይሆንም» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ወደዚህ ወጣት መራኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ደረስኩ። ገና ውኃ ሳያነሣ መኪናዋን ጥላ ሥር አስቁሞ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀኝ። አጥቦ ሲጨርስ ስስ ፌስታል ሰጠኝና «እጅዎን በዚህ ውስጥ ያስገቡና ኮፈኑን ይዳስሱት» አለኝ። በባዶ እጄ ልሙጥ የነበረው ቀለም በፌስታሉ ሲነካ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረኝ።

ከዚያ አቼቶን በእኩል ውኃ በረዘው። መጀመሪያ በሩ ግርጌ፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ ሞከረው። ጨርቁን ነክሮ ኮፈኑ ላይ አለበሰው፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ሳይደርቅ፣ በብዙ ውኃ አጠበው። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። አብዛኛው ለቀቀ። ማዕድኑ ቀለሙን በልቶ ጠባሳ የተወባቸውን ቦታዎች ደግሞ በለስላሳ ስፖንጅና በፖሊሽ ማሽን ቀስ እያለ አለሰለሳቸው።

ከዝናብ መጥረጊያው አጠገብ ሁለት ክቦች እምቢ አሉ። እኔ «ጨምርበት» ስለው ማሽኑን አጠፋ። «ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ከወረቀት ይሳሳል። እነዚህን ላጥፋ ብል ሽፋኑን እጨርሰዋለሁ፤ ይቅርብዎት» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ ነው። ገንዘቤን ተቀብሎ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም።

አቼቶው የቀድሞውን ሰም ስለሚያነሣ በመጨረሻ አዲስ ሰም ቀባላት። ያስከፈለኝ ለኮፈን ማስቀቢያ ከተጠየቅሁት አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ እንዳላሳጥባት፣ ከታጠበችም በኋላ በራሷ እንድትደርቅ ከመተው በለስላሳ ጨርቅ እንዳደርቃት፣ ፍንጣሪ ካረፈባትም በዚያው ቀን እንዳጥባት መከረኝ። አቼቶን በጋለ ብረት ላይ ወይም ሳይበረዝ ማንም እንዳይሞክረው ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል፤ እናንተም አትሞክሩት።

እሁድ ዕለት መኪናዋን ይዤ አባቴ ቤት ሄድኩ። ብዙ ማየት ባይችልም ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ ዳሰሰው፤ «ማን ነው የሠራት?» አለኝ።

ስልኩን እዚህ ማውጣት ስላልፈለገ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አድራሻውን እሰጣለሁ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ አባቴም መርቆሃል።